ቦርከና ላይ የሚለቀቀውን የፋብሪካ ፍሳሽ ከጅዳ ሆኜ ማመልከት እችላለሁ?

የቃሉዋ፦

አሰላሙ አለይኩም፣ ጤና ይስጥልኝ ለሁላችሁም። ጅዳ ነው ያለሁት፣ ሰው ቤት እሠራለሁ። አገሬ ቃሉ ነው፤ ከኮምቦልቻ ወደ ከሚሴ ስትወርዱ ሐርቡ አካባቢ። አባየ ቦርከና ዳር ማሳ አለው። እኔ በላክሁት ብር የውኃ ሞተር ተገዛና ከማሽላና ከማሾ ወጥቶ ሽንኩርትና ቲማቲም ጀመረ። የመጀመሪያው ሽንኩርት ደኅና ነበር፣ ነጋዴ ማሳው ድረስ መጥቶ ነው የጫነው። ከዚያ ወዲህ ያለው ግን ቅጠሉ ከጫፉ እየደረቀ ወደ ታች ይወርዳል፣ ራሱም አይደልብም። የግብርና ባለሙያ በሽታ ነው ብሎ መድኃኒት አስረጨን፤ ብሩ ሄደ፣ ሽንኩርቱ እንደዚያው።

ውኃው ቀን ቀን ምንም አይልም። ወንድሜ ነው ሞተር ሲጠብቅ አድሮ ያየው። ሊነጋጋ ሲል አንዳንድ ቀን ልክ እንደ አጓት ነጥቶ ይመጣል፣ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል። ሌላ ቀን ደግሞ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ አረንጓዴ ይሆናል። ላሚቱ አሽትታ ትመለሳለች። ከላይ በኩል ቆዳ ፋብሪካ አለ፤ ስሙን አልጠራም፣ የአገር ልጅ ያውቀዋል። ወንድሜ በር ላይ ሄዶ ሲጠይቅ ጥበቃው «ትሪትመንት (የፍሳሽ ማጣሪያ) አለን፣ መንግሥት አይቶታል» ብሎ መለሰው። ቀበሌ ደግሞ «ጥቆማችሁን ይዘናል» ይላል፤ የት እንደያዙት እንጃ።

ጥያቄዬ፦ እኔ እዚህ ሆኜ፣ ያለ ውክልና፣ ማመልከት እችላለሁ? ሕጉስ በእርግጥ የሚያስገድድ ነገር አለው ወይስ ጩኸት ብቻ ነው? ሽንኩርቱን ሰው ቢበላው ይጎዳል ወይ? እባካችሁ «ቲክቶክ ላይ ልቀቁት» አትበሉኝ። ተለቋል። ሰው አለቀሰ፣ አጋራ፣ በሳምንቱ ሌላ ነገር መጣ።

ታዛቢው፦

እህቴ፣ በሰው አገር ለፍተሽ ያመጣሽውን ብር ለጠበቃ አትበትኚ። ፋብሪካው የስንት ሰው እንጀራ ነው፤ ይዘጋ ብትይ መጀመሪያ የሚነሣብሽ የከተማው ልጅ ነው። ሞተሩን ሽጡና እዚያው ማሳችሁ ላይ ጉድጓድ ቆፍሩ።

የቃሉዋ፦

ወንድሜ፣ ይዘጋ የሚል ቃል ከየት አመጣህ? የአክስቴ ልጅ እኮ እዚያው ነው የሚሠራው። የምለው የራሳቸውን ቆሻሻ ራሳቸው ያጥሩት ነው።

የድረም ሰው፦

እህቴ፣ አብሽሪ። እኔ የቆዳ ፋብሪካ ሰው ነኝ፤ መጀመሪያ ድረም ላይ፣ ቆዳው ከነመድኃኒቱ በሚሽከረከርበት ትልቅ በርሜል ላይ ሠራሁ፣ ኋላ ወደ ትሪትመንት አዛወሩኝ፣ ከዚያው ጡረታ ወጣሁ። የነበርሁት በሌላ ከተማ ነው፣ የእናንተን ፋብሪካ አላውቀውም። ወንድምሽ ያየው ቀለም ግን ብዙ ይናገራል።

ነጩና የሚገማው ከኖራ ክፍል የሚወጣ ነው። ጸጉሩን ከቆዳው ለማንሣት ኖራና ሶዲየም ሰልፋይድ ይገባል፤ እንቁላል እንቁላል የሚለው ሰልፋይዱ ነው። ወደ ሰማያዊ የሚያደላው ቆዳው የሚለፋበት ክሮም ነው። በተለመደው አሠራር ከምትጨምሪው ክሮም ቆዳው የሚወስደው ከ60 እስከ 70 በመቶ ገደማ ነው፤ የቀረው ከውኃው ጋር ይወጣል። አሁን ልብ በይ፦ በደንብ የሚሠራ ትሪትመንት ውስጥ ፍሳሹ ሁሉ መጀመሪያ ማመጣጠኛ ገንዳ ገብቶ ይደባለቃል፣ ከዚያ ወዲያ ነጭ የለ ሰማያዊ የለ፣ አንድ ዓይነት ግራጫ ነው የሚሆነው። ወንዙ ላይ ሁለቱ ቀለሞች በተለያየ ቀን ለየብቻ ከታዩ፣ ፍሳሹ ገንዳውን ሳያይ ከድረሙ በቀጥታ ወጥቷል ብዬ ነው የምጠረጥረው። ለሊት መሆኑም አይደንቅም። እኛ ባይፓስ የምንለው፣ ፍሳሹን ትሪትመንት ሳይገባ በቀጥታ የሚያወጣ ቧንቧ አለ፤ ለአደጋ ጊዜ የተሠራ ነው፤ ቫልቩን ማን መቼ እንደሚከፍተው ግን የሚያውቀው የማታው ፈረቃ ነው።

ወንድምሽ እንዲገባው ሥራውን ላስረዳው። የኖራው ውኃ ለብቻው ይያዛል፣ ማንጋኒዝ ሰልፌት ጠብ ይደረግበትና አየር ይነፋበታል፣ ሰልፋይዱ ይቃጠላል። ይህ ሳይሆን አሲድ ካለው ከክሮሙ ውኃ ጋር ከተገናኘ የሚወጣው ጋዝ ሰው ይገድላል፤ ቆዳ ፋብሪካ ጉድጓድ ውስጥ ወርዶ ያልወጣ ሠራተኛ በየአገሩ አለ። የክሮሙ ውኃም ለብቻው ይያዝና በማግኒዥየም ኦክሳይድ ይዘቅጣል፤ የዘቀጠውን በሰልፈሪክ አሲድ አሟምቶ መልሶ ድረም ውስጥ መክተት ይቻላል። ይህ ለፋብሪካው ወጪ ብቻ አይደለም፣ የሚገዛውን ክሮም ይቀንስለታል፤ ለአለቆቼ ስንት ጊዜ እንደተናገርሁት! ከዚያ ሁሉም ይደባለቃል፣ አሉሚኒየም ሰልፌት ይገባበታል፣ ይረጋል፣ በመጨረሻ ባክቴሪያው ገንዳ ይገባል። ባክቴሪያ አየር ይፈልጋል። አየሩን የሚሰጠው ብሎወር ነው፣ ብሎወር መብራት ይበላል፣ መብራት ሒሳብ ያመጣል። አብዛኛው ትሪትመንት የሚሞተው እዚህች ቦታ ላይ ነው። ተሠርቷል፣ ሪባን ተቆርጦለታል፣ ፎቶው ቢሮ ግድግዳ ላይ አለ፣ ብሎወሩ ጠፍቷል።

ስለዚህ «ትሪትመንት አለን» ሲሏችሁ አትከራከሩ፣ አለ። የምትጠይቁት ዝቃጩ የት እንደገባ ነው። የሚሠራ ትሪትመንት በየቀኑ ዝቃጭ ያወጣል፤ መድረቂያ አልጋ ላይ ይሰጣል፣ በመኪና ይጫናል፣ የሚደፋበት ቦታና የጭነት ወረቀት ይኖረዋል። ዝቃጭ ከሌለ ቆሻሻው የሄደው በውኃው ነው፤ ሌላ መንገድ የለውም። ኢንስፔክተር ሲገባ የአሉሚኒየም ሰልፌቱን ግዢ ደረሰኝና የብሎወሩን የመብራት ቆጣሪ ይይ። የባክቴሪያውንም ገንዳ ይመልከት። በሕይወት ያለው ቡናማ ነው፣ አፈር አፈር ይላል። ጠቁሮ የሚከረፋ ከሆነ ያ ገንዳ ከሞተ ቆይቷል፤ እንግዳ መጣ ብለው ለአንድ ሰዓት ብሎወር ቢያስነሡ አይመለስም።

አሁን ወደ ሽንኩርቱ። ሰው ሁሉ ክሮም ክሮም ይላል፤ እኔ የምጠረጥረው ጨው ነው። ቆዳ ሳይበሰብስ የሚመጣው በጨው ታሽቶ ነው፣ ፋብሪካ ሲገባ በውኃ ይነከራል፣ ጨዉ ከውኃው ጋር ይሄዳል። ከላይ የዘረዘርሁት ትሪትመንት በሙሉ፣ ቢሠራም እንኳ፣ ጨውን አይነካውም። መፍትሔው ቆዳው ሳይነከር በፊት ደረቁን ጨው አራግፎ መሰብሰብ ነው፤ መጥረጊያና ወንፊት ነው የሚፈልገው። ሽንኩርት ደግሞ ጨው ከማይችሉት አትክልቶች አንዱ ነው። ጫፉ ቀድሞ የሚደርቀው ለዚያ ሊሆን ይችላል፤ ፀረ ተባዩም ያልሠራላችሁ ለዚያ ይመስለኛል።

መብላቱን በተመለከተ ሐኪም አይደለሁም። ከቆዳ ፋብሪካ የሚወጣው ክሮም በብዛቱ አፈር ላይ የሚጣበቅ ዓይነት ነው፤ ከሥር ወደ ላይ የሚወጣው ጥቂት ነው። እኔ ቤቴ ቢሆን ከሽንኩርቱ ይልቅ በጥሬው የሚበላውን ሰላጣ ነው የምተወው፤ ከክሮም ይልቅ ከላይ ከከተማ የሚመጣው የሰው ዓይነ ምድር ነውና የሚያስፈራኝ። ልጆች ግን እዚያ ውኃ ውስጥ አይዋኙ።

ጠበቃ ከደሴ፦

ከሕጉ በኩል ልጨምር። የምትይዢው አዋጅ ቁጥር 300/1995 ነው፣ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ። አንቀጽ 11ን አንብቢ፣ አጭር ነው። ማንም ሰው፣ የግል ጥቅሜ ተነካ ብሎ ማስረዳት ሳያስፈልገው፣ አካባቢን በሚበክል ላይ ለፌዴራሉ ባለሥልጣን ወይም ለክልሉ የአካባቢ መሥሪያ ቤት አቤት ማለት ይችላል። ስለዚህ ለአቤቱታው የአባትሽ ውክልና አያስፈልግሽም። እንዲያውም ወንድምሽ በራሱ ስም ቢያስገባ ይሻላል፣ ማኅተም የሚያስመታው እሱ ነውና። ካሳ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ማሳው የአባትሽ ስለሆነ የሚጠይቀው አባትሽ ነው። ጅዳ ቆንስላ ተሰልፈሽ ውክልና የምታሠሪበት ምክንያት አይታየኝም።

መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልሰጠ፣ ወይም የሰጠው ውሳኔ ካላረካችሁ፣ ከዚያ በኋላ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ትችላላችሁ። ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ለቀበሌ በቃል ይናገራል፣ ስብሰባ ላይ ይነሣል፣ ዓመት ያልፋል። ቀኑ የሚቆጠረው ግን መዝገብ ቤት ገብቶ ቁጥር ከተሰጠው ማመልከቻ ነው። ሁለት ቅጂ ይዞ ይሂድ፣ አንዱ ላይ ቀንና ማኅተም አስመትቶ ይመለስ። ለከተማው አካባቢ ጥበቃ ጽሕፈት ቤትም ግልባጭ ያድርግ፤ ዋናው ግን ለክልሉ ይሁን።

ማመልከቻው ላይ ተቆጣጣሪ እንዲላክ ጠይቁ። በአዋጁ የአካባቢ ተቆጣጣሪ ሳያሳውቅ፣ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ፣ በማንኛውም ሰዓት ግቢ ገብቶ ናሙና መውሰድ ይችላል። «በማንኛውም ሰዓት» የሚለውን ቃል ማመልከቻችሁ ውስጥ ጻፉት፣ ወንድምሽ ያየበትን ሰዓትም ከጎኑ። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሻይ በኋላ የሚደረግ ጉብኝት ለእናንተ ምንም አይሠራላችሁም።

ፋብሪካው «አሮጌ ነን፣ ጊዜ ያስፈልገናል» ካለ፣ ያ ጊዜ ተሰጥቶ አልቋል። የኢንዱስትሪ ብክለትን ለመከላከል የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 159/2001 ለነባር ፋብሪካዎች 5 ዓመት ሰጥቶ ነበር፤ አስሉት። ያው ደንብ ፋብሪካው የሚለቀውን ራሱ እየለካ መዝገብ እንዲይዝም ያስገድዳል። ከላይ የጻፉት ጋሼ ያሉት የዝቃጭ ወረቀትና ደረሰኝ በዚህ በኩል ይጠየቃል።

ቅጣቱን በተመለከተ አልደብቅሽም። በአዋጁ አጠቃላይ ቅጣት ለድርጅት ከ10,000 እስከ 20,000 ብር ነው። በ1995 ቁም ነገር ነበር፤ ዛሬ የብሎወር የመብራት ሒሳብ ከዚያ ይበልጣል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 519 ግን እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀምጣል፣ በሰው ጤና ወይም በአካባቢ ላይ ከባድ ጉዳት ከደረሰ እስከ 10። ሥራ አስኪያጅ ከብሩ ይልቅ ይህን ቁጥር ሲሰማ ነው ወንበሩ ላይ የሚስተካከለው። ከሁለቱም በላይ ግን እኔ የምጠይቀው ትእዛዙን ነው፤ የበከለ ያጽዳ ወይም የማጽጃውን ይክፈል የሚለው አንቀጽ 3 ላይ አለ።

አንድ ማስጠንቀቂያ። አፓፕ የሚባለው የሰብአዊ መብት ማኅበር ስለ አቃቂና ስለ ሞጆ ወንዞች የፌዴራሉን የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ራሱን ከስሶ ነበር፣ ሥራውን አልሠራም ብሎ። ፍርድ ቤቱ አልተቀበለውም። ከዚያ የምንማረው ተከሳሹን መምረጥ ነው። ፍርድ ቤት ከደረሳችሁ መሥሪያ ቤቱን ሳይሆን የበከለውን ክሰሱ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ንጹሕ አካባቢ መብት ነው ይላል፤ ጥቀሱት፣ ያምራል፣ ዳኛው የሚወስነው ግን በላብራቶሪ ወረቀት ነው።

የጨፋ ልጅ፦

እኔ ከእናንተ በታች ነኝ፣ ከሚሴ። እናንተ ጋ ያለፈው ሁሉ ጨፋ ይመጣል። በበጋ አፋሩም፣ ኦሮሞውም፣ አርጎባውም፣ አማራውም ከብቱን ይዞ የሚወርድበት ረግረግ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ውኃው አዋሽ ይገባል። ስለዚህ የአባትሽ ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ግን እውነቱን እንነጋገር። ቦርከና ኮምቦልቻ ሲደርስ ንጹሕ ሆኖ አይደለም የሚደርሰው። ከላይ ደሴ አለች፤ የደሴ ደረቅ ቆሻሻ፣ የሽንት ቤቱ፣ የጋራዡ ዘይት፣ የመኪና አጣቢው ሳሙና ሁሉ እዚያው ነው የሚገባው። ኮምቦልቻም ያለው አንድ ፋብሪካ አይደለም። አቤቱታችሁ አንድ ፋብሪካ ላይ ብቻ ጣት ከቀሰረ የሚመጣላችሁን መልስ አሁን ልንገራችሁ፦ «ይህ ከደሴ የመጣ ነው።» ጠበቃው ያሉት ወረቀት ከፋብሪካው በላይ ያለውን ውኃም ካልያዘ ተሸንፋችኋል። ደግሞ ብቻችሁን አትፈርሙ። የሐርቡ፣ የእኛም በኩል ያሉ ቀበሌዎች ገበሬዎች ይፈርሙ፤ እኔ ከዚህ በኩል አሰባስባለሁ፣ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ።

ታዛቢው፦

እሺ፣ አንቀጽ 11ን አላውቀውም ነበር። ጉድጓዱን ግን አሁንም እላለሁ።

የቃሉዋ፦

አላህ ይስጣችሁ፣ እንዲህ ያለ መልስ አልጠበቅሁም። ወንድሜ ሁሉንም አንብቦታል። ለጠበቃው፦ ማመልከቻውን ጽፎ ሲጨርስ ቢያሳይዎት ደስ ይለዋል፣ ያስከፍሉንም። ለጋሼ ድረም፦ ናሙናውን ራሱ በሃይላንድ ጠርሙስ ቢቀዳ ዋጋ አለው? የትስ ይወስደዋል? ጨው ነው ካሉ ደግሞ እዚህ ሱቅ ውስጥ ትንሽ የውኃ መለኪያ አይቻለሁ፣ ለዓሣ ማርቢያ ሰዎች የሚሸጡት፣ እሱ ይሆናል? የጉድጓዱን ነገርስ ምን ይላሉ፣ አባየ ልቡ ወደዚያ እያደላ ነው።

ጠበቃ ከደሴ፦

ይላክልኝ፣ አይቼ እመልሳለሁ። ለማየት አላስከፍልም። ፋብሪካው ሲስፋፋ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አቅርቦ ከሆነ ሰነዱን እንዲያሳዩት ወንድምሽ ይጠይቅ፤ በአዋጅ 299/1995 ለሕዝብ ክፍት መሆን አለበት። ብዙ ጊዜ እዚያ ውስጥ «ይህንን እናደርጋለን» ብለው የፈረሙት ተስፋ አለ፤ ከሕጉ ይልቅ በራሳቸው ፊርማ መያዝ ይቀላል።

የድረም ሰው፦

ጉድጓዱ ከወንዙ ዳር ከሆነና ጥልቅ ካልሆነ የሚጠጣው ያንኑ ቦርከና ነው፤ አሸዋ ባክቴሪያውን ያጣራ ይሆናል፣ ጨውን አያጣራም። አባትሽ ብሩን ከማፍሰሱ በፊት ጎረቤት ያለውን ጉድጓድ ይለካ።

መለኪያዋ ትሆናለች፣ ኮንዳክቲቪቲ፣ ማለትም ውኃው በጨዉ ልክ ኤሌክትሪክ ማስተላለፉን፣ የምትለካ መሆኗን ብቻ አረጋግጪ። ፒኤች (የአሲድነት ልክ) ብቻ የምታሳየውን አትግዢ። ወንድምሽ ሞተር ከማስነሣቱ በፊት ይንከራት። ከ800 ማይክሮሲመንስ በታች ከሆነ ሽንኩርት ይችለዋል። ከዚያ በላይ ምርቱ መቀነስ ይጀምራል፤ ወደ 3,000 ሲጠጋ ግማሹ ይሄዳል። ማሽላ ግን እስከ 4,500 ገደማ አይበገርም፤ ነገሩ እስኪጣራ የወንዙን ዳር ማሽላ ያድርጉት፣ ማሾውን ከወንዙ ራቅ ያድርጉ፣ እሱም ጨው አይወድም። ቁጥሩን ከቀንና ከሰዓት ጋር ደብተር ላይ ይጻፍ፤ ከፋብሪካው በላይ፣ ከቧንቧው በታች፣ ማሳው ጋ፣ በአንድ ጠዋት። ያ ደብተር ለክስ ማስረጃ ላይሆን ይችላል፣ ተቆጣጣሪውን በየትኛው ሰዓት እንደምትጠሩት ግን ይነግራችኋል።

በሃይላንድ የተቀዳው ፍርድ ቤት ሲደርስ «ማን ቀዳው፣ የት ነበረ» ይባልበታል። ስለዚህ እውነተኛውን ናሙና ተቆጣጣሪው ይቅዳ፣ የቀበሌ ሰው ይቁም፣ ጠርሙሱ ይታሸግ፣ ሁሉም ይፈርም። ቶሎ በበረዶ ሣጥን ይሂድ፤ ኦክስጅን የሚበላውን ቆሻሻ የሚለኩበት ናሙና ከ24 ሰዓት በላይ አይቆይም። ለክሮም ሌላ ጠርሙስ ነው፣ ናይትሪክ አሲድ ጠብ ይደረግበታል፣ እሱ ይቆያል። ለመነሻ ያህል ወሎ ዩኒቨርሲቲ ሄዶ አቶሚክ አብዞርፕሽን የሚባለው ክሮሙን የሚለካው መሣሪያ ይሠራ እንደሆነ ይጠይቅ፤ መሣሪያ መኖሩን ሳይሆን መሥራቱን። ውጤቱ ሲመጣ የቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ ላይ የምታነጻጽሩት ጠቅላላ ክሮም 2 ሚሊግራም በሊትር፣ ፒኤች ከ6 እስከ 9 ነው። የኖራው ውኃ ሳይታከም ከወጣ ፒኤቹ ከ11 በላይ ስለሚሆን እሱን ብቻ እንኳ ብትይዙ በቂ መነሻ ነው።

መለኪያዋን ስትልኪ የማስተካከያ ፈሳሿን አብረሽ ላኪ፣ እዚህ ማግኘት ያስቸግራል። መለዋወጫ ባትሪም።